ለአባቱ ተዝካር ዕቁቤን ልስጠው?

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን ሁልጊዜ አነባለሁ። ዛሬ ግን የራሴን ጭንቀት ይዤ መጣሁ።

የምኖረው ደሴ ነው። ባለቤቴ መምህር ነው። እኔ ሰኞ ገበያ አካባቢ በርበሬና ቅመማ ቅመም እሸጣለሁ። ሁለት ልጆች አሉን፤ ቤታችን የኪራይ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ከተማውን ለቀን ወጥተን ስንመለስ ሱቄ ውስጥ ባዶ ጆንያ እንኳ አልቀረም ነበር። ከዚያ ወዲህ በዱቤና በዕቁብ ነው እንደገና የቆምኩት።

ከሁለት ሳምንት በፊት የባለቤቴ አባት አረፉ። ደላንታ ነበር የሚኖሩት። እኔንም እንደ ልጃቸው ነበር የሚያዩኝ፤ ነፍሳቸውን ይማርልን። ከቀብሩ በኋላ ቤተሰቡ ተሰብስቦ በአርባቸው ትልቅ ተዝካር እንዲወጣ ወሰነ። አንድ በሬ ለክርስቲያኑ፣ አንድ በሬ ደግሞ ለሙስሊሙ ዘመድና ጎረቤት። ወንድሞቹና እህቱ ገበሬዎች ናቸው። "አንተ የከተማ ሰው ነህ፣ ደመወዝተኛ ነህ" ብለው 100 ሺህ ብር ጣሉበት። እሱም ሳያማክረኝ እሺ ብሎ መጣ። ደመወዙ ተቆራርጦ እጁ ላይ የሚገባው 12 ሺህ ብር ገደማ ነው። ለቀብሩም ከጓደኛው 20 ሺህ ብር መበደሩን የሰማሁት ቆይቼ ነው።

አሁን ዓይኑን የጣለው በእኔ ዕቁብ ላይ ነው። በየሳምንቱ 1,500 ብር እጥላለሁ፤ 80 ሰዎች ነን። እሱ የማያውቀው ነገር አለ። ባለፈው እሁድ፣ በ20ኛው ሳምንት፣ ዕቁቡ ወጥቶልኛል። 120 ሺህ ብር። እሱ "ለምኛቸውና ቅድሚያ ይስጡሽ" ይለኛል፤ እኔ ዝም እላለሁ። ለጅምላ ነጋዴው የ45 ሺህ ብር ዕዳ አለብኝ። የዕቁቡ ዋሴ የሱቅ ጎረቤቴ ናት፤ እሷም እንደኔ ባዶ ሱቅ ውስጥ ገብታ ነው የጀመረችው።

"አንችልም" ስለው "ለብር ብለሽ አባቴን ልታዋርጂው ነው? ገንዘብን መውደድ የክፋት ሁሉ ሥር ነው ይላል መጽሐፉ" አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም። ስሰግድ እንኳ ልቤ ብር ላይ ነው። እውነት ገንዘብ ወዳድ ሆኜ ይሆን? ብከለክለው ኃጢአት ይሆንብኛል?

ግራ የገባኝ፣ ከደሴ

አብሽሪ እህቴ። በመጀመሪያ ለአባታችሁ ነፍስ ይማር፤ እናንተንም ያጽናችሁ።

ጥያቄሽን ሳላዞር ልመልስ። ከአቅም በላይ የሆነን ድግስ "አንችልም" ማለት ኃጢአት አይደለም። ባለቤትሽ የጠቀሰው ቃል 1ኛ ጢሞቴዎስ 6፥10 ላይ ያለ ነው። ጥቂት ቁጥሮች ከፍ ብላችሁ አብራችሁ አንብቡት። ጳውሎስ እዚያ የሚናገረው ባለጠጋ ለመሆን ስለሚፈልጉ ሰዎች ነው። ከዚያ በፊት ምግብና ልብስ ካለን ይበቃናል ብሏል። አንቺ የጻፍሽልኝ ስለ ዱቤ፣ ስለ ዋስና ስለ ልጆች ነው። ስትሰግጂ ብር ማሰብሽም አያስደንግጥሽ። ሰው እግዚአብሔር ፊት የሚቆመው ያስጨነቀውን ነገር ይዞ ነው። ያሰብሽውን እዚያው ስግደትሽ ላይ ንገሪው።

ግን ደግሞ ባለቤትሽን ልየው። አባቱን በቀበረ ማግስት፣ እንባው ሳይደርቅ፣ ወንድሞቹ ፊት ተቀምጦ "አንተ የከተማ ሰው ነህ" ሲባል ምን ይመልስ? ከደላንታ አንድ ልጅ ተምሮ ደሴ እስኪገባ ቤተሰቡ ብዙ ነገር ከፍሏል። በግ ተሽጧል፣ ስንቅ ተቋጥሯል፤ እሱ ደብተር ሲይዝ ሌላው ሞፈር ይዟል። እሺ ያለው ብሩ ስላለው አይመስለኝም። ውለታው ስለከበደው ነው። ይሄን ካወቅሽለት የምትናገሪበት ድምፅ ራሱ ይለወጣል። ደመወዝተኛ ሁሉ ብር አለው የሚባለው ነገር ግን በጣም ያሳዝነኛል። 12 ሺህ ብር የቤት ኪራይ ከፍሎ፣ አራት ሰው አብልቶ፣ ልጅ አስተምሮ ምን ይተርፈዋል? ወንድሞቹ ይሄን ሒሳብ አይተውት አያውቁም። ማንም አላሳያቸውም።

እሱ አንድ ጥቅስ ከሰጠሽ አንቺም አንድ ምዕራፍ ስጪው። የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14። ጌታ እዚያ ስለ ግብዣ ይናገራል። ግብዣ ስታደርግ ወዳጆችህንና ባለጠጎች ጎረቤቶችህን ሳይሆን ድሆችን ጥራ፤ የሚመልሱልህ ነገር የላቸውምና ይላል። እዚያው ምዕራፍ ላይ ወረድ ስትሉ ደግሞ ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን እንደሚቆጥር ይነግረናል። መቼም ይህ ምሳሌ የተነገረው ጌታን ስለ መከተል ነው። ግን ምሳሌ ሊሆን የቻለው ማንም አስተዋይ ሰው የሚያደርገው ነገር ስለሆነ ነው። ስለ ድግስም ስለ ሒሳብም የተናገረው አንድ ጌታ ነው። ባለቤትሽ መቁጠርን እምነት ከማጣት ጋር እንዳያገናኘው ይህ የሚረዳው ይመስለኛል።

ስለ ተዝካሩም እንነጋገር። ቤተ ክርስቲያን ላረፈ ሰው የምታደርገው የታወቀ ነው። ጸሎተ ፍትሐት ይደርሳል፣ ይቀደሳል፣ በስሙ ምጽዋት ይሰጣል። በሬው እዚህ ውስጥ የለም። በሬው የእኛ ባህል ነው፤ ደግ ባህል ነው። የራቀ ዘመድ ይመጣበታል፣ የተኳረፈ ይታረቅበታል። አልንቀውም። ለነፍሳቸው ግዴታ ነው ተብሎ ሲታሰብ ግን ሰው የሌለውን ይበደራል። ቀኑም አርባ ብቻ አይደለም። ሰማንያ አለ፣ መንፈቅ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። በአርባቸው ፍትሐቱንና ቅዳሴውን አድርሳችሁ፣ ዳቦውንና ንፍሮውን አቅርባችሁ፣ የሰፈሩን ችግረኛ ብታበሉ፣ ዘመድ የሚሰበሰብበትን ትልቁን ድግስ ለሙት ዓመቱ ብታቆዩት ምን ይጎድላል? አንድ ዓመት ሙሉ ትዘጋጁበታላችሁ።

አሁን ወደ ብሩ። ዕቁብ የወጣለት ሰው ብዙ ጊዜ ገንዘብ ያገኘ ይመስለዋል። ያንቺን እንቁጠረው። 20 ሳምንት 1,500 ብር ስትጥዪ 30 ሺህ ብር ይሆናል። ከ120 ሺው ውስጥ የራስሽ ቁጠባ ይህ ብቻ ነው። የቀረው 90 ሺህ ብር ገና ያልወጣላቸው 60 ሰዎች ያበደሩሽ ነው። ወለድ የለውም፤ ብድር መሆኑ ግን አይቀርም። ከዚህ በኋላ ለ60 ሳምንት፣ ማለትም ከአንድ ዓመት በላይ፣ በየሳምንቱ 1,500 ብር ትከፍያለሽ። እሱስ ከየት ይመጣል? ከሱቁ ነው። ሱቁ ውስጥ በርበሬ ከሌለ የዕቁቡ ብር የለም። ብሩ ሲጓደል የዕቁቡ ዳኛ የሚጠይቀው ዋስሽን ነው። እንግዲህ 100 ሺው ለበሬ ከወጣ ዞሮ ዞሮ ዕዳው የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ባዶ ሱቅ ውስጥ ገብታ የጀመረችው ያቺ ጎረቤትሽ ላይ። ባለቤትሽ ይህን ቢያውቅ የሚፈቅድ ሰው አይመስለኝም። እስካሁን ግን አያውቅም።

ለጅምላ ነጋዴው ያለብሽ 45 ሺህ ብር ደግሞ ቅድሚያ አለው። በ2ኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 ላይ ያለችውን ሴት ታስታውሻለሽ? ባሏ ሞቶባት፣ አበዳሪ ሁለት ልጆቿን ሊወስድባት መጥቶ ወደ ኤልሳዕ የጮኸችውን። ዘይቱ ከሞላላት በኋላ ነቢዩ ያላት ሽጪና ለባለ ዕዳው ክፈዪ፤ ከተረፈው አንቺና ልጆችሽ ተመገቡ ነው። ተአምር በተደረገላት ቀን እንኳ መጀመሪያ የተከፈለው ዕዳው ነው። ነጋዴው ዕዳውን በጊዜው ካገኘ ነገም ዱቤ ይሰጥሻል። እሱ ካኮረፈ ግን ሱቅሽ በወር ውስጥ ይራቆታል።

የሚከብደውን ነገር ወደ ኋላ አቆየሁት። ዕቁቡ መውጣቱን መደበቅሽ አሳስቦኛል። ለምን እንደደበቅሽው ይገባኛል፤ ብሩን ከነገርሽው በማግስቱ ደላንታ የሚደርስ መስሎሽ ነው። ነገር ግን እሱ 20 ሺህ ብር ደብቆ አንቺ 120 ሺህ ብር ደብቀሽ አንድ ቤት ውስጥ እንዴት ስለ ገንዘብ ልትመካከሩ ትችላላችሁ? የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 ላይ ያሉትን ሐናንያንና ሰጲራን አስቢ። ጴጥሮስ ሐናንያን መሬቱ ሳይሸጥ ያንተ አልነበረም ወይ፣ ከሸጥኸውስ በኋላ በሥልጣንህ አልነበረም ወይ ብሎ ነው የጠየቀው። ሁሉን ስጡ ያላቸው ማንም አልነበረም። የጎዳቸው ከፊሉን አስቀርተው ሁሉን እንደሰጡ ማስመሰላቸው ነው። ይህ ለሁለታችሁም ይሠራል። አንቺ ሁሉንም መስጠት የለብሽም፤ እንደሌለሽ መምሰልም የለብሽም። እሱም ያለው መስሎ ወንድሞቹ ፊት መቆም የለበትም።

ስለዚህ ከማንኛውም ነገር በፊት ንገሪው። ሰኞ ማታ ከገበያ ደክመሽ ገብተሽ ግን አትጀምሪው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ሁለታችሁም ረጋ ስትሉ ቡና አፍልተሽ ተቀመጪ። በብር አትጀምሪ። በአባቱ ጀምሪ። "አባባ በክፉ ዘመን ቤታቸውን እንዴት ነበር የሚያሳልፉት?" ብለሽ ጠይቂው። ያውራልሽ። ቢያለቅስም ያልቅስ፤ ምናልባት ከቀብሩ ወዲህ ስለ ወጪ ብቻ እንጂ ስለ አባቱ ያወራው ሰው የለም። ገበሬ ምንም ቢርበው ለዘር ያስቀመጠውን ገብስ እንደማይበላ እሱ ከኔና ካንቺ በላይ ያውቃል። የሱቅሽ ብር ዘር መሆኑን ያኔ ብትነግሪው ይገባዋል። ከዚያ "ዕቁቡ ወጥቶልኛል፤ ፈርቼ ነው ያልነገርኩህ፤ ይቅር በለኝ" በይው። ይህን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ በይው። "አንተም እኮ ደብቀኸኝ ነበር" የሚለውን ለዚያ ምሽት ተዪው። እሱ ራሱ ያነሳዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከዚያ ደብተር አውጡ። በአንድ ገጽ የሱቁን፣ በሌላ ገጽ የቤቱን ጻፉ። ያለው ምን ያህል ነው፣ የሚከፈለው ለማን ነው፣ መቼ ነው። የሱቁና የቤቱ ብር እስካሁን አንድ መቀነት ውስጥ ከነበረ ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ይለያዩ። ጭንቀትሽ ግማሹ የመጣው ከዚህ መደባለቅ ይመስለኛል።

ለተዝካሩ ስንት ይሰጥ? ውሳኔው የእናንተ ነው። እኔ ብሆን ግን ጣሪያውን 30 ሺህ ብር አደርገዋለሁ፤ ምክንያቱም የራሳችሁ የሆነው እሱ ብቻ ነው። እሱም ሁሉ በጥሬ ብር መሆን የለበትም። አንቺ እኮ የበርበሬ ነጋዴ ነሽ! የድግሱን በርበሬና ቅመም በሙሉ ከእኛ ቤት ነው በይ፤ የተገዛበትን ዋጋ ከ30 ሺው ላይ አስቢው። ከከተማ የመጣች ምራት አዘጋጅታ ያመጣችው በርበሬ ደላንታ ላይ በኩራት የሚወራ ነገር ነው። ባለቤትሽም ባዶ እጁን አይሄድም።

የጓደኛው 20 ሺህ ብር እንዳይረሳ። ወር በወር 2 ሺህ ብር ቢከፍል በ10 ወር ያልቃል። ጓደኛው ሳይጠይቀው በፊት ሄዶ "እንዲህ ልከፍልህ ነው" ይበለው። ወዳጅነቱም አይሻክርም።

አሁን ወደ ወንድሞቹ። ይህን ነገር በስልክ እንዳትጨርሱት። ባለቤትሽ ራሱ ደላንታ ይሂድ፤ ከቻልሽ አንቺም ሂጂ። ከመሄዱ በፊት ግን ንስሐ አባታችሁን ቤት ጥሩና ሁለታችሁ ባላችሁበት "ለአባታችን ነፍስ ማድረግ ያለብን ምንድን ነው?" ብላችሁ ጠይቋቸው። መልሱን ይዞ ቢሄድ "ሚስቱ ከለከለችው" የሚል ወሬ አይኖርም። ወንድሞቹ ፊትም "አልሰጥም" ብሎ አይጀምር። "እናንተስ የድርሻችሁን ከየት ልታመጡት ነው?" ብሎ ይጠይቅ። እኔ የምፈራው ከመካከላቸው አንዱ የሚያርስበትን በሬ ሊሸጥ ይሆናል ብዬ ነው። ሌላው ከአራጣ አበዳሪ ሊወስድ አስቦ ይሆናል። እንዲህ ባለ የቤተሰብ ስብሰባ ላይ የመጀመሪያው ሰው "ይከብደኛል" እስኪል ድረስ ሁሉም ዝም ይላል። ያ ሰው ባለቤትሽ ቢሆን ወንድሞቹን ከዕዳ አወጣቸው ማለት ነው። የከተማ ሰው መሆኑ ለዚህ ይጥቀማቸው።

የሙስሊሙን ዘመድ ነገር አደራ። ለሙስሊሙ ለብቻው አርዶ ማስተናገድ ወሎ የኖረበት ክብር ነው፤ ወጪ ለመቀነስ ብላችሁ እነሱን እንዳትዘሉ። ግን በሬ ብቻ ነው ያለው ማነው? በግ ይበቃል። በአርባው ስጋ ባይኖር ደግሞ ማዕዱ ሁለት ቦታ መከፈሉም ይቀራል፤ ሽሮና ምስር፣ ዳቦና ንፍሮ ሁሉም አብሮ ይቀርበዋል። ለቀብሩ የመጣ ሙስሊም ጎረቤት ለሟች ነፍስ ድሃ ሲበላ ቢያይ ሰደቃ ምን እንደሆነ የሚነግረው አያስፈልገውም።

አንድ ነገር ደግሞ ደብዳቤሽ ላይ ፈልጌ አጣሁ። የባለቤትሽ እናት በሕይወት አሉ? ካሉ፣ ከአርባው ማግስት እንግዳው ሁሉ ሲበተን ከማን ጋር ነው የሚቀሩት? ማሳቸውን ማን ሊያርስላቸው ነው? ማዳበሪያውን ማን ይገዛል? ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ስለ ባልቴቶች ሲጽፍ ልጆች ለወላጆቻቸው ብድራት መመለስን ይማሩ ይላል። ባለቤትሽ ለአባቱ ብዙ ሊያደርግ ይፈልጋል፤ ያ ፍላጎት እናቱ ዘንድ ቦታ አለው። በየወሩ ቁርጥ ያለች፣ ትንሽም ብትሆን የማትቋረጥ ብር በቴሌብር ይላክላቸው። ስብሰባው ላይም ይህን ራሱ ያንሳው፤ ከሁለት በሬ ወጪ ላይ ተቀንሶ ሁሉም ልጆች የእናታቸውን ዓመት ቢይዙ እኔ ደስ ይለኛል።

ይህን ሁሉ አድርገሽ ባለቤትሽ እንቢ ቢልስ? ሊል ይችላል፤ ሐዘን ላይ ነው። ያን ጊዜ ልጆቹ ፊት አትከራከሪው፤ በእልህም ብሩን አትደብቂው። "ንስሐ አባታችን እስኪመጡ አንድ ሳምንት ስጠኝ" በይው። ለጅምላ ነጋዴው የሚከፈለውን 45 ሺህ ብር ግን እሱ እያወቀ፣ ከቻለም አብሮሽ ሄዶ፣ ክፈዪ። ዋስሽንም አንድ ቀን ቤት ጋብዣትና ባለቤትሽ ያግኛት፤ ለማን ሲባል እንደምትጠነቀቂ ፊቷን ሲያይ ይገባዋል። ከሚያከብረው አንድ ታላቅ ሰው ጋርም፣ ከሥራ ባልደረቦቹ ይሁን ከማኅበራችሁ፣ እንዲመካከር ጠይቂው። አንቺ የምትመርጪው ሰው አይሁን፤ እሱ ይምረጥ።

አርባው ሊደርስ አንድ ወር አይሞላም፤ ስለዚህ ወሬውን በዚህ ሳምንት ጀምሪው። ደላንታ ደርሶ ሲመለስ ወንድሞቹ ምን እንዳሉ ጻፊልኝ፤ በጣም ማወቅ እፈልጋለሁ። የአባታችሁን ስመ ክርስትናም አብረሽ ላኪልኝ፤ በጸሎቴ አስባቸዋለሁ።